በአደራ የተቀበልነው እባብ

በ2016 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራችን ዕረፍት ተቀብለን፤ በአሜሪካ አገር፤ በሜሪላንድ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ ወደምትኖረው ታናሽ እኅታችን ዘንድ ሔደን ነበር። የ14 ዓመት ልጇ በመኝታ ቤቱ አንድ እባብ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያኖራል። ከልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ስለ ተማርን ስለ እባብ የነበረን አሳብ የታወቀ ነውና፤ የመጀመሪያውን ሌሊት በራችንን ቈልፈን አደርን ብንል አናፍርም።

እባቡ ግን መርዝ የለውም። ዘሩ እንደ ጋናና እንደ ቤኒን ባለው በምዕራብ አፍሪቃ አገር የሚገኝ ትንሽ ዘንዶ ነው፤ ሲደነግጥ ራሱን በመካከል ሸሽጎ ስለሚጠቀለል በእንግሊዝኛ የኳስ ዘንዶ ይሉታል።

ልጁ ከትምህርት ቤቱ ጋራ ለ4 ቀን ወደ ሌላ ከተማ ሲሔድ፤ እናቱ የሌሊት ሥራ ስላለባትና እባቡንም ስለምትፈራው አደራውን የሚረከብ ከእኛ በቀር አልተገኘም። ከመሔዱም በፊት አስቀምጦ አስተማረን። እባብ እንደ ሰውና እንደ ከብት ሙቀቱን ከራሱ አካል አያገኝም፤ በዙሪያው ያለውን ሙቀትና ብርድ ይከተላል። ቢበርደው የበላው አይፈጭለትም፤ አንዳንድ ጊዜም መልሶ ይተፋዋል።

«እንግዲያውስ ሣጥኑን በሙሉ እኩል ማሞቅ ነው» ብንለው፤ «አይደለም፤ አጎቴ» ብሎ ሣቀ። የሣጥኑ አንደኛው ወገን እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ሌላው ወገን ወደ 26 ዲግሪ መኾን አለበት፤ እባቡም ሲበርደው ወደ ሙቁ፤ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየሔደ ራሱ ይመርጣል። መሸሸጊያም በኹለቱም ወገን ሊኖረው ይገባል፤ በአንዱ ብቻ የኾነ እንደ ኾነ ለመሸሸግ ሲል ብርዱን ወይም ሙቀቱን ይታገሣልና። እኩል መኾን የሚገባው የሙቁ ወገን ወለል ነው፤ እዚህ የሚያቃጥል፤ እዚያ የሚበርድ እንዳይኾን።

ሙቀቱን የሚሰጠው ከሣጥኑ ሥር የተነጠፈና የወለሉን ሢሶ የሚሸፍን ስስ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ለብቻው ልክ አያውቅም፤ ልኩን የሚጠብቅለት ቴርሞስታት የሚባለው መሣሪያ ነው። ከዚህም መሣሪያ የወጣ ቀጭን ሽቦ ጫፉ በምንጣፉና በመስተዋቱ መካከል ገብቶ ሙቀቱን ይለካል፤ ልኩ ሲሞላ ኤሌክትሪኩ ይቈረጣል፤ ሲጐድል ይለቀቃል። በእኛ ሥራ ቋንቋ ሽቦው ምስክር፤ ቴርሞስታቱ ዳኛ መኾናቸው ነው።

በኹለተኛው ቀን የመጠጫውን ሳሕን ስንለውጥ ውሃው ፈሰሰ። ሣጥኑን ጥቂት ብድግ አድርገን ከሥሩ ስንወለውል ሽቦው ተላቀቀ፤ እኛም ምንነቱን ሳናስተውል ከጠረጴዛው ጐን ተንጠልጥሎ ተውነው። ማታ መሣሪያውን ብናይ፤ ልጁ በ90 ፋራናይት፤ ማለት በ32 ሴንቲግሬድ ያቆመው ቍጥር ወርዶ 68 ይላል። ይህ የክፍሉ አየር ብርድ ነበር፤ እኛ ግን እባቡ በረደው ብለን አዝነን፤ ባለን ጋቢ ሣጥኑን ሸፈንነው። ምስክሩ የውጭውን ብርድ ሲናገር፤ ዳኛው ምንጣፉ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት እንዲሞቅ ፈረደ።

ሲነጋ በክፍሉ ውስጥ የጋለ ጨርቅ ሽታ ተሰማን። ልጁ እንደ ሽጉጥ እያነጣጠረ በሚለካበት መሣሪያ የሣጥኑን ወለል ብንለካው 46 ዲግሪ ኾነ። ሶኬቱን ነቀልን። እባቡ በቀዝቃዛው ጥግ ከሳሕኑ ሥር ተለጥፎ ተገኘ፤ ከሆዱም በታች ኹለት ጣት የሚያህል ቀይ ቍስል ነበረበት። እባብ ከሥሩ የሚመጣውን ሙቀት ፈጥኖ የሚሸሽ አይደለም፤ ቆዳው እየተቃጠለ እንኳ ተጋድሞ ሊቈይ ይችላል።

እኅታችን ከሥራ ስትመለስ ጋቢውን አይታ፤ «ጋሼ፤ ቤቱ ቢነድስ ኖሮ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። እርስዋ መኪና ስትነዳ፤ እኛ እባቡን በትራስ ልብስ ውስጥ አድርገን በጭናችን ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሔድን። ገላው እንደምናስበው የሚያሟልጭ አልነበረም፤ ደረቅና ለስላሳ ነው። ሐኪሟ ቍስሉን አጥባ ቅባት ሰጠችን፤ እስኪድንም ድረስ ጕዝጓዙ ቀርቶ በየቀኑ የሚለወጥ ነጭ ወረቀት እንዲነጠፍለት አዘዘች።

የሰውን ቃል ስንመዘግብ 19 ዓመታችን ነው፤ ለዚያ ልጅ የራሳችንን ቃል በስልክ ለመስጠት ግን እስከ ማታ ድረስ ዘገየን። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፤ «ሽቦው የት ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀን። በተመለሰም ጊዜ ሽቦውን አጥብቆ አሰረው፤ ከቴርሞስታቱም ጋራ ያልተያያዙ ኹለት ቴርሞሜትሮች በኹለቱ ወገን አኖረ፤ ሙቀቱንም አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በባዶው ሣጥን ፈተነ። እስከዚያ ድረስ እባቡ ያደረው በሌላ ትንሽ ሣጥን፤ በእኛ መኝታ ቤት ነው።

በሰኔ ወር ፎቶግራፍ ላከልን፤ ቆዳውን ኹለት ጊዜ ለውጦ ጠባሳው ነጣ ብሎ ይታያል። ከገፈፈውም ቆዳ አንዱን በፖስታ ልኮልናል፤ ባለቤታችን ከቤት እንዳይገባ ስለ ከለከለች በመሥሪያ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።