ብሩ ያለው ጥቁሩ ላይ ነው

ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ከፍራሽ ሥር አንድ ትልቅ ፖስታ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ውስጡ ራጅ አለ፤ የአያት ወገብ፣ ከዛፍ የወደቀ ልጅ ክንድ፣ አንዳንዴም በሕይወት የሌለ ሰው ደረት። ራጅ መጣል ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ ቢከብደውም አልፈርድበትም። ሐኪም አዲስ ፊልም ላይ የሳንባ ነጥብ ሲያይ ቶሎ የሚጠይቀው «የድሮው አለ?» ብሎ ነው። ነጥቡ ከዓመታት በፊትም ያው ከነበረ ስንት ጭንቀት ይቀራል! ስለዚህ ከመጣሉ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይቀድማል።

ፊልሙን ወደ መስኮት አንስተን ስናየው ዓይናችን ወደ ነጩ አጥንት ይሮጣል። ሀብቱ ግን ጥቁሩ ላይ ነው። ጨረሩ ሥጋን አልፎ በደረሰበት ቦታ የብር ቅንጣት ይጠቁራል፤ አጥንት በጋረደው ቦታ የነበረው ብር ደግሞ ፊልሙ ሲታጠብ ከኬሚካሉ ጋር ይሄዳል። ያ ፈሳሽ ወደ ቦይ ከተደፋ ወንዝ ይጎዳል፤ ከተጠራቀመ ግን ብሩ ይወጣለታል። እንግዲህ ጥላ የሚመስለን ነገር አንጥረኛ የሚያውቀው ብር ነው። የአንዱ ፊልም ከቁጥር አይገባም፤ የአንድ ሆስፒታል መጋዘን ሲራገፍ ግን ለማጣራት ያዋጣል። ብሩን የያዘው ስስ ልባስ በኬሚካል ወይም በኢንዛይም ይለቃል፤ የሚቀረው ሰማያዊ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ዓይነት ስለሆነ ቀልጦ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።

ጨረር ይዟል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ ፊልም ላይ የሚቀር ጨረር የለም። መቃጠል ግን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድ ክሊኒክ የተከማቸ የራጅ ፊልም ተቃጥሎ መርዛማ ጋዙ ከ120 በላይ ሰው ገድሏል። የዛሬው ፊልም እንደዚያኛው በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ የፕላስቲክ ጭስ ግን ለማንም ደረት አይበጅም፣ ብሩም አመድ ውስጥ ይባክናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት ስትሠራ እንደታየችው ያለ ግርዶሽ ሲመጣም ራጅ ከዓይን መጠበቂያ አይቆጠርም። ብርሃኑን ቢያደበዝዝም የማይታየውን ጎጂ ጨረር ያሳልፋል፤ ዓይኑ ሲቃጠል ሕመም ስለማይሰማው ልጅ ይታለላል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የፊልሙ ጥግ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ የሆስፒታሉ መለያ ቁጥር። ቆራሌው ሲመጣ ከአሮጌ ጫማ ጋር የሚሰጠው ፊልም የአንድን ሰው ሕመም ከነስሙ ይዞ ይዞራል። ያቺን ጥግ በመቀስ ቆርጦ መበጣጠስ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፖስታውም ላይ ስም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሸክም ግን የቤተሰብ ብቻ መሆን የለበትም። ብዙ ሆስፒታሎች ምስሉን ወደ ኮምፒውተር እያዞሩ መጋዘናቸውን በሚያጸዱበት በዚህ ጊዜ፣ ከራጅ ክፍሉ በር አጠገብ የሚቆለፍ መሰብሰቢያ ሣጥን ቢያኖሩና የሞላውን በፊርማ ለአጣሪ ቢያስረክቡ፣ የኛም ፖስታ መሄጃ ያገኛል።