የጀልባ ክፍያ በክፍት ካርታ ላይ፦ ከአምስተርዳም እስከ ጣና

በአምስተርዳም ከማዕከላዊው የባቡር ጣቢያ ጀርባ ተነሥተው፣ ኤይ የተባለውን ውኃ አቋርጠው ወደ ከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል የሚያሻግሩት የሕዝብ ጀልባዎች ከእግረኛም ሆነ ከብስክሌተኛ ክፍያ አይጠይቁም፤ በዚያች ከተማ ለሚኖር ኢትዮጵያዊም ብስክሌቱን እየገፋ ገብቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማዶ መውጣት የዕለት ጉዞው አካል ነው። ይህ እውነታ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ተጀምሮ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች በሚሠራው ክፍት የዓለም ካርታ ላይ፣ በጀልባው መሥመር «መለያ» አማካይነት ይመዘገባል። መለያ የአንድን ነገር ጠባይ የሚገልጽ፣ ቁልፍና እሴት ያለው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ «ፊ» የተባለው ቁልፍ ክፍያ መኖር አለመኖሩን፣ «ቻርጅ» የተባለው ደግሞ የገንዘቡን መጠን ይይዛል።

ነጻ የሆነውን መመዝገብ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ክፍያው እንደ ተሻጋሪው ሲለያይ ነው። በዚያው በኔዘርላንድ፣ መኪና የሚያሻግሩ ብዙ የወንዝ ጀልባዎች ከመኪና ከፍ ያለ፣ ከእግረኛና ከብስክሌተኛ ዝቅ ያለ ገንዘብ ስለሚቀበሉ፣ የመኪናውን ዋጋ ብቻ የጻፈ መዝጋቢ ብስክሌተኛውን ያሳስተዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተሻጋሪ ለየብቻ ሊጻፍ ይገባል። ከዚህም በላይ ባዶ ቦታ «ነጻ» ማለት አይደለም። መለያ የሌለው መሥመር ያልተጠየቀ ጥያቄ እንጂ የተሰጠ መልስ ስላልሆነ፣ ጉዞ የሚመራ ፕሮግራም ባዶውን እንደ ነጻ ከቆጠረው ገንዘብ ያልያዘው እግረኛ ወደቡ ላይ ይቀራል።

በጣና ላይ ግን ጉዳዩ ከዚህም የጠለቀ ነው። ከባሕር ዳር በደቅ ደሴት በኩል ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የሕዝብ ጀልባ በነፍስ ወከፍ ሲያስከፍል፣ ወደ ዘጌ የሚወስዱት የኪራይ ጀልባዎች ግን ብዙውን ጊዜ በሙሉ ጀልባ የሚከራዩ በመሆናቸው የአንድ ሰው ድርሻ በተሳፋሪው ቁጥርና በድርድሩ ይወሰናል። ለእንዲህ ያለው ጀልባ አንድ ቁጥር መጻፍ ሐሰተኛ እርግጠኝነት መስጠት ነው፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የተጻፈ ዋጋ በቶሎ ያረጃል። የሚሻለው ክፍያ መኖሩን መመዝገብ፣ መጠኑን በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራው የሕዝብ ጀልባ ብቻ መጻፍ፣ መረጃው የተረጋገጠበትንም ቀን ማያያዝ ነው።

በውጭ የሚኖሩ የአገር ልጆች የሳተላይት ምስል እያዩ የጣናን ደሴቶችና ወደቦች ከሩቅ መሣል ይችላሉ፤ ዋጋው ግን ከሰማይ ስለማይታይ፣ ይህ ሥራ በባሕር ዳር ያለውን ሰው ዐይንና ጆሮ ይፈልጋል። እርሱም ሲመዘግብ፣ በዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚከፍለውን የመግቢያ ገንዘብ ከጀልባው ዋጋ ጋር ሳይቀላቅል በየቤተ ክርስቲያኑ ላይ ለብቻው ያሰፍረዋል።