ዘርና ቀለብ

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ቡሬ ላይ ቪዲዮ ቤት ያለው ጓደኛዬ ፍኖተ ሰላም ደወለልኝ። «ሰርቨሩ አልከፍት አለ፤ ቶሎ ድረስ!» ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሰርቨሩ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ሃርድ ዲስኮች አሉት፤ የተገጠሙት በሬይድ 5 ነው። ሬይድ የበርክሌዮቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ የታወቀ ዘዴ ነው። ሬይድ 5 ዳታውን በዲስኮቹ ላይ ይበትንና የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለስሌት ይይዛል። አንዱ ቢሞት ከሦስቱ አስልቶ ይተካዋል። ሁለት ከሞቱ ግን ለቅሶ ነው።

«መቼ ጀመረው?» አልኩት።

«ትናንት መብራት ሲጠፋ።»

«ይሄ ቀይ መብራትስ?»

«እሱማ ከፋሲካ ጀምሮ ነው። ይጮህ ነበር፤ ድምፁን አጠፋሁት።»

እናላችሁ፣ አንዱ ዲስክ ከሞተ ወራት አልፎታል። መብራቱ ሲቋረጥ ሁለተኛው ወጣ፤ ፋይል ሲስተሙም ተበላሸ።

ጓደኛዬ «መጠገኛውን አስነሳና እሺ፣ እሺ በለው» አለኝ። እጄን በልቶኝ ነበር፤ ግን አልነካሁም። መጠገኛው የሚያስተካክለው ፋይል ሲስተሙን ነው፤ ለዚያ ሲል የተረፈውን ፋይል ሊቆርጥ ይችላል። ደግሞ ለራሴም ፈርቻለሁ። የእህቴ ሰርግ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከገጠር መጥታ የመረቀቻት አያታችን ከሰርጉ በኋላ አርፋለች። ሌላ ቅጂ የለንም። የቤታችን «የኮምፒውተር ሰው» ደግሞ እኔ ነኝ!

ዲስኮቹ ላይ ቁጥር ለጠፍኩ። ከባሕር ዳር አዲስ ዲስኮች አስመጣን። ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ሦስቱን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል፤ ደግነቱ የደረሰበትን ስለሚመዘግብ ከዚያው ይቀጥላል። ለፋሲካ የሞተውን ተውኩት፤ የያዘው የድሮ ዳታ ነው፣ ቢቀላቀል ያበላሻል። ከዚያ በቅጂዎቹ ላይ ሬይዱን አስገድጄ አስነሳሁት። መጠገኛውን መጀመሪያ ምንም ሳይጽፍ እንዲያነብ ብቻ አደረግኩት። ሱፐርብሎክ የሚባለው ዋናው መዝገብ ተበላሽቷል። ኤክስት4 ግን የመዝገቡን ቅጂ ሌላ ቦታም ያስቀምጣል፤ ብሎክ 32768 ላይ ያለውን ሰጠሁት። ተከፈተ!

ብዙው ፋይል በቦታው ተገኘ። የቀረው ስሙን አጥቶ በቁጥር ብቻ ተከምሯል። አንድ በአንድ ስከፍት አደርኩ። የእህቴን ሰርግ ሊነጋጋ ሲል አገኘሁት። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ምስሉ ተሰባብሮ ግራጫ ይሆናል። ድምፁ ግን አለ። አያቴ አትታይም፤ ትሰማለች።

ገበሬ ቤት ላደገችው እናቴ ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ዲስኩ አራት ነበር፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል፣ ምናምን። ሰምታ ሰምታ፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ዘርና ቀለብ አንድ ጎተራ ይቀመጣል እንዴ?» አለችኝ።

አለቀ። ሬይድ ጎተራውን ያጠነክራል እንጂ ዘር አያስቀምጥም። «ኢንተርኔት ላይ ጫነው» ትሉኝ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው በእሱ ብቻ አይተማመንም። አሁን አንድ ቅጂ ቡሬ፣ አንድ ቅጂ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። አልፎ አልፎም መከፈቱን አያለሁ።

የእናንተስ ዘር የት ነው ያለው?