እጅ የበላው ሳሙናችን

ያለ እሳት የሚሠራውን ሳሙና በቤታችን አበጅተን ስድስት ሳምንት አደረቅነው፤ መልኩም ስላማረን ለጎረቤት እስከ ማደል ደረስን። ዳሩ ግን ልብሳችንን የሚያጥቡልን እማማ አንድ ቀን እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው መጡ። ገልጠን ብናይ ቆዳቸው ተላልጧል። «ብርዱ ነው» አሉን፤ ሊያሳፍሩን አልወደዱም።

ጥፋቱ የኛ ነበረ። መመሪያው የተጻፈው ለኮኮናት ዘይት ሲሆን፥ እኛ በኑግ ዘይት ለወጥነው። አንድ ኪሎ የኮኮናት ዘይት ወደ 180 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይጠጣል፤ የኑግ ዘይት ግን 135 ግራም ያህል ብቻ ነው። ትርፉ 45 ግራም ሶዳ በሳሙናው ውስጥ ቀርቶ እጅ ይበላ ነበር፤ እንዲህ ያለውንም ማድረቅ ብቻ አያድነውም።

ስለዚህ ሳሙናውን ከየጎረቤቱ (እያፈርን) ለቅመን ፈቀፈቅነው። በጥቂት ውሃ፥ በለስላሳ እሳት አቅልጠን፥ በመጀመሪያው አንድ ኪሎ ላይ 400 ግራም የኑግ ዘይት ጨምረን አማሰልነው። ድስቱ የብረት ይሁን፤ አሉሚኒየምን ሶዳው ይበላዋልና። በደረቀ ጊዜ በላዩ ነጭ ብናኝ ታየ፤ እርሱ ከአየር የሚመጣ ነውና ጠረግነው።

እማማ አዲሱን ሲቀበሉን አመሰገኑ፤ አስቀድመው ግን በአንዲት መሐረብ ብቻ ሞከሩት።