ከቦሌ እስከ አያት

ሐምሌና ነሐሴ የቦሌ አየር ማረፊያ የእንግዳ ወራት ናቸው። በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እዚህ ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ፣ ልጆቻችን የልጅ ልጆቻችንን ይዘው ይመጣሉ። በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በተመረቀው ተርሚናል ደጅ ዣንጥላ ይዘው ከሚጠብቁት ሰዎች ብዙዎቹ አያቶች ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አበባ ይዘው፣ «የዋሽንግተኑ ገባ?» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። በመጨረሻ ልጁ ሻንጣ በተጫነበት ጋሪ ላይ ተቀምጦ ብቅ ይላል። አያት አቅፋ ትስመዋለች። «እንዴት ነህ የኔ ጌታ? መንገዱ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። ልጁ ወደ እናቱ ቀና ይላል። እናት ትተረጉምለታለች። አያትም «ይሁን፣ ደክሞት ነው» ትላለች። ድካም እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የምኖረው አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ነው። አንዲት ልጄ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሄጄ ከእሷ ዘንድ ከርሜአለሁ። ከዚያ ይዤው የተመለስኩት ትምህርት አንድ ነው፦ ልጅ ቋንቋ የሚይዘው «አማርኛ ተናገር» ስለተባለ አይደለም። በአማርኛ የሚያስቀው፣ የሚያጓጓውና የሚያሸንፍበት ነገር ሲያገኝ ነው። መጽሐፍና ጨዋታ ለዚህ ይበቃሉ፤ ውድም አይደሉም። ከቦሌ ተነስተን እስከ አያት ብንሄድ በመንገዳችን ሁሉንም እናገኛቸዋለን። ዛሬ በዚህ መንገድ ልውሰዳችሁ።

ከአየር ማረፊያው ሳንርቅ ቦሌ ሚካኤል አለ። በዚህ ሰፈር ብዙ ሶማሌዎች ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ከራሳችን አገር የሶማሌ ክልል የመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ናቸው። ለእኛ ልጆች ውጭ አገር ሜሪላንድ እንደሆነ ሁሉ፣ ለእነዚህ ሰዎች ውጭ አገር ቦሌ ነው። በሥራ ዘመኔ በዚያ ሰፈር ለክትባት ስንዞር አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር መሬት ላይ መስመር አስምረው ሲጫወቱ አየሁ። ጨዋታው ሻህ ይባላል። ሦስት አራት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ይሠመራሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል፤ ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር ለማሰለፍ፣ የባላጋራንም ጠጠር ለማንሳት ይሞከራል። ልጁ የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከእኛ ጋር አማርኛውን አቀላጥፎ ነበር የሚያወራው። ጠጠሩ በተነሳበት ጊዜ ግን ከአያቱ ጋር በሶማልኛ ተከራከረ፣ ጮኸ፣ ሳቀ። አያትየውም አልተቆጡም። ይህ ነገር በልቤ ቀረ። ሰላምታ ተሸምድዶ ይባላል፤ ክርክር ግን ቋንቋውን ካልያዙት አይሆንም።

ከቦሌ ሚካኤል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ስንወጣ ካፌዎቹ ይበዛሉ። በካፌዎቹ መካከል መጽሐፍ አዟሪ ወጣቶች ክምሩን ከእጃቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው ይዞራሉ። እነዚህን ልጆች አታሳልፏቸው። ለራሳችሁ ልብ ወለድ ስትገዙ «ለልጆች የሚሆን ተረት አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጃቸው ባይኖር አፈላልገው ያመጡላችኋል።

መጽሐፍ ለምን ከዚህ? ምክንያቴ ሻንጣው ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ በተለመደው ትኬት 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። እኛ እናቶች ይህን በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በድርቆሽና በዳቦ ቆሎ እንሞላዋለን። በርበሬና ሽሮ ግን ሲልቨር ስፕሪንግም ይሸጣል፤ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል። ለአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ያንን ያህል ሱቅ የለም። ከሻንጣው ሁለት ኪሎ ለመጽሐፍ ብንተው ማንም አይራብም።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ልጄን ላርሳት ነበር። ጊዜው ጥር፣ በረዶው እስከ ጉልበት ነው። አማቼ ሳይነጋ ለሥራ ይወጣል፤ ልጄ ከአራሷ ሕፃን ጋር ትተኛለች። እኔ ደግሞ ታላቁን፣ አቡሽ የምለውን የ6 ዓመት ልጅ ይዤ ሳሎን እቀመጣለሁ። አቡሽ አማርኛ ይሰማል፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ተረት ጀምሬለት ወደ ስልኩ ሄደ። ዘፈንም ሞከርኩ፤ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት የእንቁላል ካርቶን አየሁ። እዚያ አገር እንቁላል የሚሸጠው በደርዘን ነው፤ ካርቶኑ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በድምሩ 12 ጉድጓድ አለው። ልጅ ሆነን የተጫወትንበት ገበጣ ትክክለኛ ቅርጽ ነው። ክዳኑን ቆርጬ በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ ጨመርኩ፤ 48 ሆነ። ብቻዬን መጫወት ስጀምር ልጁ ራሱ መጣ። ከአንዱ ጉድጓድ ማንሳት፣ አንድ አንድ እያደሉ መዞር፣ መቁጠር፣ የደረሰበትን መብላት። ሕጉን በአማርኛ ብቻ አስተማርኩት፤ የገበጣን ነገር በእንግሊዝኛ እንዳላውቀው አድርጌ። በሁለተኛው ሳምንት ባቄላዬን ስቆጥር ጣቱን ቀስሮ «እማማ፣ አጭበረበርሽ!» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ አረፍተ ነገር ይህ ነበር። ልጄ ከመኝታ ክፍል ሰምታ እየሳቀች ወጣች፤ ከዚያም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቦሌ ሚካኤል ያየኋቸው ሽማግሌ ያልተቆጡበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ።

መጽሐፉ ደግሞ ለእኔም መድኃኒት ሆኖኛል። ልጆቻቸው ዘንድ ከርመው የሚመለሱ ብዙ እናቶችን አውቃለሁ። እንቅልፍ አጥተው፣ ከስተው፣ «ምን ጎደለብሽ?» ሲባሉ «ምንም» እያሉ ይመጣሉ። የጎደለው የሚያዋራ ሰው ነው። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዤ ነበር የሄድኩት። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ የኔ ዘመን ሰው ያነበበውም አለ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማም አለ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ባዕድ አገርን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ታስረዋል፣ ኋላም በዲፕሎማትነት ዋሽንግተንና ለንደን ኖረዋል። ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር። አቡሽ ታሪኩን ባይከተልም «ጉዱ ካሳ» የሚለው ስም በጠራሁ ቁጥር ያስቀው ነበር፤ ደጋግሞ «አሁንስ ጉዱ ካሳ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር።

አሁን ከቦሌ ታክሲ ይዘን መገናኛ እንውረድ፤ ከዚያ ወደ ሾላ። ብዙ ሰው ሾላን የሚያውቀው በገበያው ነው። እኔ ግን በዚህ ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን አስባለሁ። ዮሐንስ ለደስታ ሲሉ መጽሐፍ ማንበብ የጀመሩት በ19 ዓመታቸው፣ ነገሌ ቦረና ሳሉ እጃቸው በገባ አንድ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ እንደሆነ ተናግረዋል። በስደት አሜሪካ ገብተው ተማሩ፤ በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። መደርደሪያው የብዙ አገር ቋንቋ መጻሕፍት ሞልቶበት ሳለ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን አጡ። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገው መጽሐፍ አወጡ። ማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋርም ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ አገራቸው ገብተው በ1995 ዓ.ም. እዚህ ሾላ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆች እስከመውሰድ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ ያ ባዶ መደርደሪያ ነው። ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። ልጄ በምትኖርበት ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን በነፃ መዋስ ይቻላል። በዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ ምክንያት የመንግሥት ቢሮዎች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቢሮ የገባው ቋንቋችን ከልጆቻችን ሳሎን እንዳይወጣ መጠበቅ ግን የቤተሰብ ሥራ ነው።

ሾላ ገበያ ከገባን አይቀር እንቁላል የሚደረደርበትን ባለ 30 ካርቶን እንግዛ። አምስት ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ስድስት ጉድጓድ አለው። ሁለቱን ረድፍ በመቀስ ብትቆርጡ ገበጣ ነው። የእንጨቱን ገበጣ ከባህል ዕቃ ሱቅ መግዛትም ይቻላል፤ ያምራል፣ ግን ይከብዳል። ባቄላውን ከዚህ አትውሰዱ፤ እህልና ዘር በውጭ አገር ጉምሩክ ያስጠይቃል። 48 የልብስ ቁልፍ ይበቃል።

ወደ መገናኛ ተመልሰን ባቡር እንጠብቅ። በአካባቢው ወጣቶች ካርቶን ላይ ዳማ አስምረው በቆርኪ ሲጫወቱ አይጠፉም። አንዱ የአምቦ ውኃ፣ ሌላው የለስላሳ ቆርኪ ይይዛል። ይህንንም ልጅ ይወደዋል፤ ቆርኪ መሰብሰቡ ራሱ ጨዋታ ነው። ቼዝ የሚያውቅ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የአገራችንን ሰንጠረዥ ንገሩት። በጥንቱ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ይህም ወረራ ይባላል። ተራ እየጠበቀ ያደገ የውጭ አገር ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። «ወረራ» የሚለውን ቃልም አይረሳውም።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቁ ባቡር ከመገናኛ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አልፎ አያት ላይ ያበቃል። ሰፈሬ ይህ ነው፤ ከስሙ ጋር ዕድሜዬም ገጥሟል። በአራተኛ ፎቅ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ከእንቁላል ካርቶን የተቆረጠ ገበጣ አለ። ሜሪላንድም እንደሱ ያለ አንድ አለ። ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ለአቡሽ ረፋድ ነው። ይደውልና ሁለታችንም ቁልፎቻችንን እንደረድራለን። ጉድጓዶቹ ቁጥር አላቸው። «ከሦስተኛው አነሳሁ» ይላል፤ እኔም በእኔ ገበጣ ላይ የእሱን አነሳለታለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛን የተማረው እንዲህ ነው። ድሮ ስልኩን እናቱ ነበረች በግድ የምታስይዘው፤ አሁን ራሱ ይደውላል። ፊደሉን ገና በዝግታ ነው የሚያነበው፤ «ጸ»ና «ፀ» ያምታቱታል። ይደርሳል።

እንግዳ የምትጠብቁ፣ ወይም ልትሄዱ ሻንጣ የምታዘጋጁ ወላጆችና አያቶች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሁለት የተረት መጽሐፍ፣ ለራሳችሁ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ፣ አንድ የእንቁላል ካርቶን፣ 48 ቁልፍ ያዙ። በቀን ግማሽ ሰዓት ስጡት። ልጁ ሲያሸንፋችሁ አትከፉ፤ ሲከራከራችሁም አትቆጡ። እኛ የማንኖርበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ልጁ ድምፃችንን ያለ አስተርጓሚ እንዲያስታውሰው፣ ጨዋታው ዛሬ መጀመር አለበት።