መሳቢያ ያለው ገበጣ

ዛሬ ስለ መድኃኒት አልጽፍም። ቡራዩ ካለ አንድ አናጢ ጋር ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠን ስለሠራነው ሣጥን ላውራችሁ። ላዩ ገበጣ ነው፤ ከሥሩ የልጆቹ ደብተር፣ ቀለምና መጫወቻ የሚገባበት መሳቢያ አለው።

ለምን ገበጣ? ቤቴ ውስጥ የስምንት ዓመት ሴት ልጅና የዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ አሉ። ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልክ ትይዛለች፤ ትንሹ ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ አብሯት ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ለእሱ ዕድሜ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅም በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም። «ስልኩን አስቀምጪ» ማለት ብቻውን ግን አይሠራም። እጅ የሚይዘው ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ገበጣን አያቶቻችን መሬት ላይ ጉድጓድ ጭረው ተጫውተውታል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ የአገራችንን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ጽፈዋል፤ አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ልጅ ይቆጥራል፣ ያስባል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ መሸነፍንም ይለምዳል። በዳሰሳ ብቻ ስለሚቻል ዓይኑ ለማያይ ልጅም ይሆናል። ሰበታ ካለው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። ባሕር ዛፍ በሱሉልታ በኩል እንደልብ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ዋንዛ መረጥን። አናጢው መጀመሪያ ከአሮጌ በር የተነቀለ ቀለም የተቀባ ሳንቃ አሳይተውኝ ነበር፤ እሱን አልፈለግኩም። አሮጌ ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ አቧራው ወደ ልጆች አፍ ይገባል፣ የሚጎዳውም አእምሯቸውን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን ሊድ በ90 ፒፒኤም ገድቦታል፤ ከዚያ በፊት የተቀባን በር ግን ማን ያውቀዋል? የእኛን ሣጥን ጭራሽ ቀለም አልቀባነውም። በኑግ ዘይት አሽተን ተውነው።

ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ላይኛው ሳንቃ 4 ሴንቲ ውፍረት አለው፤ በመሮ ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 6 ጉድጓድ ተቦረቦረበት። አናጢው በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ሊያደርጉለት ፈልገው ነበር።

«ዶክተር፣ ሣጥን ክዳን ከሌለው ምኑን ሣጥን ሆነ?»

«ጋሼ፣ ይኼ እንጨት ጣት ላይ ቢወድቅስ?»

ሳቁና መሳቢያ ሠሩለት። ተስቦ እግር ላይ እንዳይወድቅም ከኋላው ማገጃ መቱበት።

ብዙ ያሰብኩበት ግን ጠጠሩ ነው። ልጄ ከአጥር ሥር የጉሎ ፍሬ ለቅማ መጣች። ዝንጉርጉር ስለሆነ ያምራል። ጉሎ ሲታኘክ ራይሲን የሚባል ከባድ መርዝ ይለቃል፤ ልጃችሁ አኝኮት ከሆነ ማስመለስ እስኪጀምረው ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሽምብራና ባቄላም አልፈቀድኩም። ከሱሉልታ የመጣ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይቻለሁ፤ ሳምንታት አስሎታል፣ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች መድኃኒት ወስዷል። «ሳሉ እንዴት ጀመረ?» ስላት እናቱ አሰብ አድርጋ «ባቄላ ይዞ ሲጫወት በድንገት ትን አለው፣ ከዚያ ተወው» አለች። ባቄላ በራጅ አይታይም፤ አየር ቧንቧ ውስጥ ገብቶ በእርጥበት ያብጣል። ድንገት ትን ብሎት ከዚያ ሳል የማይለቀው ልጅ ካላችሁ፣ ይህን ታሪክ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ።

ስለዚህ የወንዝ ጠጠር አጥበን ወሰድን። ጠጠርም ቢሆን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። በሶፍት ጥቅል መሃል ባለው የካርቶን ቱቦ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለእሱ ጉሮሮ አደገኛ ነው። ታናሽየው ነቅቶ ወለል ላይ ካለ ገበጣው አይወጣም።

ሆኖ ቢያንቀውስ? በኃይል እያሳለ ከሆነ ያስል፣ አትንኩት። ድምፁ ከጠፋ፣ ማሳልም መተንፈስም ካቃተው፣ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በእጅ መዳፍ ሥር ምቱት፤ ካልወጣ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ፣ እያፈራረቃችሁም ቀጥሉ። ዓመት ላልሞላው ሆድ አይጫንም፤ በሆድ ፈንታ ደረቱ መሃል ይጫናል። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አታስገቡ። አንድ ሰው ወዲያው መኪና ይፈልግ።

ቤታችን አንድ ሕግ አለ፦ 12 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ 4፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር። ጨዋታው ሲያልቅ ልጄ እየቆጠረች ክዳኑ የሚጠብቅ ጣሳ ውስጥ ትከታለች፤ ጣሳው ቁምሳጥን ላይ ይወጣል። ባለፈው ሐሙስ 47 ሆነ። እራት ቀረበ፣ ማንም አልተነሳም። ምንጣፉን ገለበጥን፣ መሳቢያውን አወጣን፤ በመጨረሻ ልጄ የሹራቧን እጅጌ ስታራግፍ ጠጠሩ ወደቀ። «አርባ ስምንት» አለች፣ ጣሳውንም ዘጋች።