ለከርሞ ያልነው ዓረፋ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመድ ያልተበተነበት ቤት ወሎ፣ ሐርቡ ላይ ብዙ አላውቅም። ደርግ በዚያ ዓመትና በተከታዩ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከልና ጋምቤላ ሲያሰፍር፣ ከግማሽ የሚበልጠው የተነሣው ከወሎ ነው። ገሚሱ ርሃቡ ገፍቶት ወዶ ሄደ፤ ገሚሱ ተገዶ ተጫነ። አጎቴም ያን ጊዜ ሄዶ ወለጋ ውስጥ ከጊምቢ ማዶ ሰፈረ።

መበተኑ ከአቅም በላይ ነበር፤ በእሱ ማንንም አልወቅስም። አንጀቴን የሚያቃጥለው ከ1983 በኋላ መንገዱ ክፍት ሆኖ የቆየበት ረጅም ዘመን ነው። ሐርቡ ላይ በማለዳ የተሳፈረ ሰው ማታ አዲስ አበባ ይገባ፣ በነጋታው ነቀምት ያድር፣ በሦስተኛው ቀን ጊምቢ ይደርስ ነበር። በእናቴና በወንድሟ መካከል የነበረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

አጎቴ እዚያው አግብቶ ወለደ፣ ቡና ተከለ። በደብዳቤም፣ ኋላ በስልክም፣ «አንድ ዓረፋ እንኳ አብረን እንዋል፤ ልጆቹ ይተዋወቁ» ማለቱን አልተወም። እናቴም «ወንድምዬን ሳላይ አልሙት» ትል ነበር። እኛ ከተማ የገባን ልጆች ግን ትራንስፖርቱን ስናሰላ፣ የሥራ ፈቃድ ስንጠብቅ፣ «ለከርሞ ይሁን» ስንል ከረምን። ብር ላክን። ደወልን። ድምፁን ስለሰማን የተገናኘን መሰለን።

ዓረፋ ላይ ሰው ሲሰበሰብ የሚሆነውን ወሎ ያደገ ያውቀዋል። እርዱ አልቆ፣ ተበልቶ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር አዛውንቱ ዘር መቁጠር ይጀምራሉ። የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን፣ በ66ቱ ረሃብ ማን ማንን እንዳበላ፣ ማን የት እንደተቀበረ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንዱ ሲረሳ ሌላው እያስታወሰው። ይህ በስልክ አይነገርም። በስልክ «ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና?» ይባልና ሒሳቡ ያልቃል። ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ ዱዓ የሚደረግለት የሩቅ ዘመድም፣ አጠገብህ ተቀምጦ «አሚን» የሚልን ዘመድ አይተካም።

አንዱን ዓረፋ እንኳ ሳናደርገው እናቴ አረፈች፤ አጎቴም ተከተላት። ከዚያ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ እኛው ደጅ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ 11 ቀን ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ከወሎ የሄዱ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የተረፈው ተፈናቅሎ አባቶቹ ወደ ወጡበት አገር መጣ፤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ጃሪ መጠለያ የገቡ አሉ።

የአጎቴ ልጆችም መጡ። የምንመኘው መሰባሰብ የሆነው እንዲህ ነው፤ ከብታቸውንና ቡናቸውን ጥለው፣ ፌስታል አንጠልጥለው። በስም እንተዋወቃለን፣ በመልክ አንተዋወቅም። ትልቁ ልጅ ሐርቡ ወስጄው ስንዘዋወር «አባቴ የተወለደበት ቤት የትኛው ነው? አያታችንስ የት ነው የተቀበሩት?» አለኝ። እናቴ ብትኖር እጁን ይዛ ታደርሰው ነበር። እኔ አላውቀውም፤ ጎረቤት ብጠይቅም የሚያውቁት አልፈዋል።